አሮጌዎቹን ኮምፒውተሮች ለመጣል አትቸኩሉ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር፣ ከጣና ዳር ብዙም በማይርቅ ቢሮ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ሰሞኑን ሰርቨር፣ ማለትም የሁላችንም ፋይል አንድ ቦታ የሚቀመጥበት ኮምፒውተር አስገባን። ፍላሽ አስመርሮን ነው፤ ከክፍል ክፍል ሲዞር ቫይረሱን ለሁሉም ያዳርስና ፎልደሩ ሁሉ ሾርትከት ሆኖ ቁጭ ይላል።

ሰርቨሩ የሚሠራው በሊኑክስ ነው፤ እንደ ዊንዶውስ ያለ፣ ግን ነፃ የሆነ ሲስተም ነው። እኛ ጋ ደግሞ ዊንዶውስ 10 አለ፣ ዊንዶውስ 7 አለ፣ ዲዛይን የሚሠራው ልጅ ማክ አለ፣ ጥግ ላይ አንዲት አሮጌ ዊንዶውስ ኤክስፒ አለች። የተጠራው ባለሙያ አየት አደረገና "እነዚህ አይግባቡም፣ ሁሉንም አንድ ዓይነት ግዙ" ብሎን ሄደ። አለቃችን ፕሮፎርማ ማሰባሰብ ጀመሩ።

ይግባባሉ እኮ! ሳምባ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም በፈረንጆቹ ከ1992 ጀምሮ ሥራው ይኸው ነው፤ ሊኑክሱን ዊንዶውስ ፋይል በሚጋራበት ቋንቋ፣ በኤስኤምቢ ያናግረዋል። ማክም ከ2013 ወዲህ የሚያስቀድመው ይህንኑ ነው።

ያስቸገረችው ኤክስፒዋ ብቻ ናት። የምታውቀው የመጀመሪያውን፣ አሮጌውን የኤስኤምቢ ዓይነት ብቻ ነው፣ አዲሱ ሳምባ ደግሞ እሱን ዘግቶታል። "ቀላል ነው፣ እከፍትላችኋለሁ" ያለን አልጠፋም። እንዳትፈቅዱ! በፈረንጆቹ 2017 ስንቱን አገር ያመሰው፣ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ዋናክራይ የተባለ ቫይረስ የተዛመተው በዚያው በር ነው። እኛ ቀለል ያለ ሊኑክስ ጫንባት፤ አሁን እንደ እኩዮቿ ትሠራለች።

ከዚያ በኋላ የመጣው ጣጣ የራሳችን ነው። ማኩ ላይ "ወ/ሮ" ብሎ የተቀመጠ ፋይል ዊንዶውስ ላይ ስሙ መሀል እንግዳ ምልክት ይዞ ይመጣል፣ ምክንያቱም ዊንዶውስ በፋይል ስም ውስጥ ያቺን ጭረት አይቀበልም። አንዱ "ሂሳብ"፣ ሌላው "ሒሳብ" ብሎ ሁለት ፎልደር ከፍቶ ሳምንት ሙሉ ተፈላልገናል። ዱሮ ኤክስፒዋ ላይ ቪዥዋል ግዕዝ በሚባለው የአማርኛ መጻፊያ የተጻፉት ደብዳቤዎችማ ፎንቱ በሌለበት ማሽን ሲከፈቱ ዝብርቅርቅ ያለ የላቲን ፊደል ናቸው፤ ሁሉም ኮምፒውተር በሚያውቀው የፊደል አሠራር፣ በዩኒኮድ ስላልተጻፉ መቀየር ወይም እንደገና መጻፍ ነው ያለው፣ ታዲያ ሁሉም ሰርቨሩን ይረግማል። ምስኪን ሰርቨር።

አንድ ልመና አለኝ። ስለ መሥሪያ ቤቶች የኮምፒውተር ግዥ ስትዘግቡ፣ አሮጌዎቹ ለምን እንደተጣሉም ጠይቁልን።

አንባቢያችሁ፣ ከባሕር ዳር