«አሪፍ ነው» ብቻ አይበቃም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ሰሞኑን ምን ፊልም አያችሁ ስንባባል መልሱ ሁለት ብቻ ሆኗል። «አሪፍ ነው» ወይ «አይረባም»። በቃ? እኔ ባለፈው ሳምንት እ.ኤ.አ. በ1957 የወጣውን የሲድኒ ሉሜትን «ትዌልቭ አንግሪ ሜን» አየሁ። 96 ደቂቃ ነው፣ ከአንድ ክፍል ብዙም አይወጣም። ይሰለቸኛል ብዬ ነበር፤ ግን ፍርድ እንዲሰጡ የተመረጡ 12 ሰዎች በግድያ በተከሰሰ አንድ ልጅ ሕይወት ላይ ሲከራከሩ፣ ሸሚዛቸው በላብ ሲርስ፣ ማራገቢያው አልሠራ ሲል እኔም አብሬያቸው ታፈንኩ። ለካ ዳይሬክተሩ ካሜራውን ቀስ በቀስ ዝቅ እያደረገ፣ ሌንሱንም እየቀየረ ክፍሉን ያጠበበው አስመስሎታል! እንዲህ እንዲህ ያለውን ብንነጋገርበት እኮ ያየነውን ፊልም እንደገና ለማየት እንጓጓለን።

ደግሞ እባካችሁ መጨረሻውን አትንገሩን። ሌላው ዳይሬክተር አልፍሬድ ሂችኮክ እ.ኤ.አ. በ1960 «ሳይኮ»ን ሲያወጣ ፊልሙ ከጀመረ በኋላ ማንም እንዳይገባ አድርጎ ነበር፣ ተመልካቹንም መጨረሻውን ለሰው እንዳይናገር ለምኗል። ልክ ነበር። በቀደም አንድ ጓደኛዬ ገዳዩን በስም ጠርቶ ነገረኝ፤ ያንን ፊልም እስካሁን መክፈት አቅቶኛል።

ያልወደዳችሁትን ግን በደንብ ተናገሩ፣ የቱ ጋ እንደሰለቻችሁ ጭምር። እናንተም አዘጋጆች ለዚህ የምትሆን ትንሽ ቦታ ብትሰጡን ደስ ይለኛል።

የዘወትር አንባቢያችሁ