በረኪናን ከምንም ጋር አትቀላቅዪ

እናቴ፣ እንደምን አለሽልኝ?

መታጠቢያ ቤት ስታጸጂ ጉሮሮሽን አፍኖሽ ሌሊቱን ስትስዪ ማደርሽን እህትሽ ነገረችኝ። እድፉ አልለቅ ቢልሽ በረኪናውንና የሽንት ቤት ማጽጃውን አንድ ላይ አፈሰስሽ አሉ። ልጄ፣ በረኪናን ከምንም ጋር አትቀላቅዪ!

ሁለት ማጽጃ ሲደመር አይበረታም። በረኪና ውስጥ ክሎሪን ከኦክስጅን ጋር የተያያዘበት ቦንድ (ማያያዣ) ደካማ ነው፤ ቶሎ ስለሚፈታ ነው የእድፉን ቀለም የሚያጠፋው። ይኸው ክሎሪን በገበታ ጨው ውስጥ ከሶዲየም ጋር በአዮኒክ ቦንድ፣ ማለትም በኤሌክትሪክ ስበት፣ ጥብቅ ብሎ ስለተያዘ ጨው የሚቀልጠው በ801 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ ወጥ ውስጥ ጨምረንም እንበላዋለን። በረኪናው ጠርሙስ ውስጥ ረግቶ የሚቆየው ቤዝ፣ ማለትም የአሲድ ተቃራኒ፣ ስላለበት ነው። የሽንት ቤት ማጽጃው ግን ብዙውን ጊዜ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ አለው። አሲዱ ሲነካው ሁለት ሁለት የክሎሪን አተሞች ተጣምረው ጋዝ ይሆናሉ። እነዚህ ሞለኪውሎች እርስ በርስ የሚሳሳቡት በጥቂቱ ስለሆነ ክሎሪን የሚፈላው ከዜሮ በታች 34 ዲግሪ ላይ ነው፤ ወዲያው ቤቱን ይሞላል። ከአየር 2.5 እጥፍ ያህል ስለሚከብድም ወለሉ ላይ ይተኛል፤ አንቺ ደግሞ ጎንበስ ብለሽ ነው የምትፈገፍጊው።

ስዊድናዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ሺሌ እ.ኤ.አ. በ1774 ክሎሪንን ያገኘው ይህንኑ አሲድ ከማንጋኒዝ ማዕድን ጋር አዋህዶ ነው። በ1915፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ ቤልጂየም ውስጥ ኢፕር ላይ ጀርመኖች የለቀቁትም ይህንኑ ጋዝ ነበር። ጋዙ ከባድ ነውና ወደ ምሽጉ ወረደ፤ ተጠልለው የተቀመጡትን ወጣቶች እዚያው ጨረሳቸው። የሰው ልጆች ነበሩ፣ እንዳንቺ እናት የምትጠብቃቸው።

ኮምጣጤም አሲድ ነው። አሞኒያ ያለበት የመስታወት ማጽጃ ደግሞ ከበረኪና ጋር ክሎራሚን የሚባል ሌላ መርዝ ያወጣል። አትቀላቅዪ ብያለሁ!

ጠርሙሱ ላይ 5 በመቶ የሚል ከሆነ 20 ሚሊ ሊትሩን በ980 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ አቅጥኚው። ሙቅ ውሃ ያበላሸዋል። ጓንት አድርጊ፣ በርና መስኮት ክፈቺ፣ 10 ደቂቃ አቆይተሽ በደንብ አለቅልቂ። የቀጠነውን ለነገ አታሳድሪ። ሌላውን ማጽጃ የግድ ካስፈለገሽ ሌላ ቀን ተጠቀሚበት።

የሚያፍን ሽታ ከመጣብሽ ላጥበው ሳትዪ ውጪ፤ ማዳም ብትቆጣም ትቆጣ። የሳንባ ጉዳት ከሰዓታት በኋላም ሊብስ ይችላል፤ ትንፋሽ ካጠረሽ ወይም ደረትሽን ከጨመደደሽ ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ውሰዱኝ በያቸው። ስልክሽን ስታገኚ በድምፅ ላኪልኝ፣ ሳልሽን ልስማው።

አባትሽ