ጣሪያው የተነቀለው የልጆቻችን የመማሪያ ጨዋታ ቤት የወገንን እጅ ይጠብቃል

ለቢቸናና ለአካባቢዋ ተወላጆች፣ በአዲስ አበባ፣ በባሕር ዳር፣ በደብረ ማርቆስና በውጭ አገር ለምትኖሩ ወገኖቻችን፣ ለእድሮች፣ ለሰንበት ትምህርት ቤቶች፣ ለጀመዓዎችና የልጆች ትምህርት ለሚያሳስባችሁ ሁሉ፦

በግንቦት መጨረሻ ሌሊት የጣለው በረዶ የቀላቀለ ዝናብና ነፋስ ልጆች በታብሌት ጨዋታ ፊደልና ቁጥር የሚማሩበትን የመማሪያ ጨዋታ ቤታችንን ጣሪያ ነቅሎ መጣሉን አብዛኞቻችሁ ሰምታችኋል። ወራጁ ተሰብሮ ቆርቆሮው ከነሚስማሩ ጎረቤት አጥር ላይ አርፏል፤ ከላይ ከነበሩት የሶላር ፓነሎች 2ቱ ተሰባብረዋል፤ ከ32ቱ ታብሌቶችም 9ኙ ውኃ ገብቶባቸው እስካሁን አልበሩም። የተረፉት በእድሩ ዕቃ ቤት ከድንኳኑና ከብረት ድስቶቹ ጎን በካርቶን ተደርድረው ተቀምጠዋል። ልጆቹ ግን ከሰዓት በኋላ እየመጡ መቼ እንደሚከፈት ይጠይቁናል፤ የምንሰጣቸው ቁርጥ ያለ መልስ የለንም።

ጥገናው 420,000 ብር ይፈልጋል። የመጀመሪያው ጥሪ በወጣ ሰሞን ጥሩ ምላሽ አግኝተን ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን መዋጮው ግማሽ እንኳ ሳይሞላ ቆሟል። ለተፈናቃይ፣ ለሕመምተኛ፣ ለቤተ እምነት በየቀኑ የምትጠየቁ መሆናችሁን እናውቃለን፤ እኛም ደጋግመን ደጅ ስንጠና ደክሞናል። ሆኖም ቤቱ እንዲሁ እንደተከፈተ ከቆየ የጭቃ ግድግዳውም አይተርፍም።

አንዳንድ ወገኖች ሰው ለዕለት ጉርሱ በተቸገረበት ጊዜ ለጨዋታ ገንዘብ ማዋጣት ቅንጦት አይሆንም ወይ ብለው ጠይቀውናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን እስካሁን በተሠራው ሥራ ላይ ይታያል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት በተቋረጠበትና በጸጥታው ችግር ትምህርት ቤቶች በተዘጉበት ጊዜ፣ ይህ ቤት ያለ ኢንተርኔት በሚሠሩ ጨዋታዎች ልጆችን ከፊደልና ከቁጥር ጋር አቆይቷል። ከ100 በላይ ልምምዶችን የያዘውና በነፃ የሚታደለው ጂኮምፕሪ የተባለ የመማሪያ ጨዋታ ለትንንሾቹ የመደመርና የመቀነስ መለማመጃ ሆኗል። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎቻችን ደግሞ ስክራች በተባለው የፕሮግራም መማሪያ የራሳቸውን የፊደል ጨዋታ ሠርተዋል። በዚህ ጨዋታ “ቡ” እና “ቢ” ከላይ እየወረዱ ይመጣሉ፤ ልጁም የካዕቡ ቅጥያ ከወገቡ ላይ፣ የሣልሱ ከግርጌው መሆኑን አይቶ በፍጥነት መለየት አለበት። ሲሳሳት ያው ፊደል ቀስ ብሎ ተመልሶ ይወርድለታል እንጂ የሚቆጣው ወይም የሚስቅበት የለም። ብዙ ልጅ ከንባብ የሚርቀው ከስንፍና ይልቅ በእኩዮቹ ፊት ከማፈር የተነሣ መሆኑን እዚህ ቤት ውስጥ በዓይናችን አይተናል። ሦስተኛ ክፍል ደርሳ ፊደል ሳትለይ የመጣች አንዲት ልጅ ዛሬ የእናቷን የእድር ደብተር እያነበበች የከፈሉበትን ወር ትነግራቸዋለች።

ይህ የእኛ ምኞት ብቻ አይደለም። በታንዛኒያ ታንጋ ክልል በ170 መንደሮች የሚኖሩ ወደ 3,000 የሚጠጉ ልጆች ለ15 ወራት በስዋሂሊ የተዘጋጁ የመማሪያ ጨዋታዎችን በታብሌት ተጠቅመው ነበር። ከመጀመራቸው በፊት ከ100ው ከ90 የሚበልጡት አንዲት የስዋሂሊ ቃል ማንበብ የማይችሉ ነበሩ፤ በመጨረሻው ይህ ቁጥር በግማሽ ቀንሷል። ይህ የመማሪያ ጨዋታ አዘጋጆች የተወዳደሩበት ሙከራ ነበር፤ ኪትኪት ስኩልና ዋንቢሊየን የተባሉት ሁለቱ አሸናፊዎችም በ2019 እ.ኤ.አ. የ10 ሚሊዮን ዶላር ሽልማት ተካፍለዋል። እዚያም ቢሆን ታብሌቶቹ ኃይል የሚያገኙት በየመንደሩ ከተተከለ ሶላር ነበር፤ እኛም ለጣሪያውና ለፓነሉ ይህን ያህል የምንጨነቀው ያለ እነርሱ ሌላው ዕቃ ሁሉ ሥራ ስለሚፈታ ነው።

ስለ ወጪው የተነሡትን ጥያቄዎች በግልጽ እንመልሳለን። ጣሪያው ለምን አስቀድሞ አልተጠናከረም ለተባለው፣ ያን ጊዜ የተዋጣው ገንዘብ ለመሣሪያ ተብሎ የተሰጠ ነበር፤ ለታብሌት የተሰጠንን ብር ለእንጨት ማዋል አደራ መብላት ይሆንብን ነበር። ለመምህራኑ የተከፈለው አበልም ባክኗል የሚባል አይደለም። በ2012 እ.ኤ.አ. ወንጪ አካባቢ ታብሌቶች በካርቶን እንደታሸጉ ለልጆች ተሰጥተው፣ ልጆቹ ያለ አስተማሪ ከፍተው መጠቀማቸው በዓለም ሁሉ ተወርቶ ነበር። የእኛ ልምድ ግን ሌላ ነው፤ ልጅ መሣሪያውን በራሱ መክፈት አያቅተውም፣ የተጫወተውን ከደብተሩ ጋር የሚያገናኝለት ሰው ከሌለ ግን የሚቀርለት ጥቂት ነው። የእያንዳንዱ ወጪ ደረሰኝ በፋይል ተይዟል፤ ማንኛውም አዋጪ መጥቶ ማየት ይችላል።

ኔትወርክ ሲኖር ከፍ ያሉት ተማሪዎች በዓለም ምግብ ፕሮግራም በሚተዳደረው ፍሪ ራይስ በተባለ የጥያቄና መልስ ጨዋታ የእንግሊዝኛ ቃላት ይማራሉ፤ ለእያንዳንዱ ትክክለኛ መልስ ጥቂት የሩዝ ፍሬ የሚያህል ርዳታ ለተራቡ ሰዎች ይውላል። የእኛ ልጆች እየተማሩ ለሌላው የሚተርፉበት መንገድ በመሆኑ እጅግ ደስ ይለናል።

ወገኖቻችን፣ ከከተማችን ብዙም በማይርቀው ዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ የተዘረፈው፣ መጽሐፍ የተተረጐመው ይህ ሕዝብ ከጓዳው እየቆረሰ የተማሪውን አኩፋዳ ስለሞላ ነው። ያ ተማሪ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ ሳይጠየቅ በልቷል። የዛሬዎቹ ልጆች የእኛው ናቸው። ለክርስቲያኑ ምጽዋት፣ ለሙስሊሙ ሰደቃ ነውና የአቅማችሁን ታደርጉ ዘንድ በፈጣሪ ስም እንለምናለን።

መዋጮው ገቢ የሚደረገው በኮሚቴው ስም በቢቸና ከተማ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በተከፈተውና 3 ሰዎች በጋራ ፈርመው ብቻ በሚያንቀሳቅሱት ሒሳብ ነው። የሒሳቡ ቁጥር ማኅተም ባለበት ደብዳቤ ላይ ተጽፎ በየእድሩ ዳኛ እጅ ይገኛል፤ በውጭና በሌሎች ከተሞች ያላችሁም ከምታውቁት የእድር ዳኛ ጠይቃችሁ አረጋግጡ። በግለሰብ ስም የተላከላችሁ የባንክ ሒሳብ ወይም የቴሌብር ቁጥር ቢኖር የእኛ አይደለም፤ ከኮሚቴው አባላት በማንም ስም ቢሆን እንዳትልኩ አደራ እንላለን። ገንዘብ የሌላችሁ ቆርቆሮ፣ ሚስማር፣ የባሕር ዛፍ እንጨት ብታመጡ ተመዝግቦ በደረሰኝ እንቀበላለን።

አናጢዎቻችን ያለ ክፍያ ሊሠሩ ቃል ገብተዋል፤ ወጣቶቹም በደቦ ሊወጡ ተዘጋጅተዋል። ዝናቡ ጋብ በሚልበት በጳጉሜን ወራጁን ለማቆም እንጨቱና ቆርቆሮው እስከ ነሐሴ አጋማሽ መገዛት ስላለበት መዋጮው ከዚያ በፊት ገቢ እንዲደረግ እንጠይቃለን። በድጋሚ፦ በኮሚቴው ስም በተከፈተው፣ በ3 ፈራሚዎች በሚንቀሳቀሰው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሒሳብ ብቻ። ገቢ ያደረጋችሁበትን ደረሰኝ ግልባጭ ለእድር ዳኛችሁ ስጡልን፤ ስማችሁ ከመዝገቡ እንዳይቀር።

የመማሪያ ጨዋታ ቤቱ አስተባባሪ ኮሚቴ
ቢቸና፣ ምሥራቅ ጎጃም