ስለ ጄይለን ስሚዝ ጉዳት

ይድረስ ለስፖርት ዓምድ አዘጋጅ፣

ስለ አሜሪካ ፉትቦል ምልመላ (ክለቦች የዩኒቨርሲቲ ተጫዋቾችን በየተራ ስለሚመርጡበት ሥርዓት) ያወጣችሁት ጽሑፍ የዩኒቨርሲቲ ተጫዋች የነበረውን የጄይለን ስሚዝን ጉዳት «የጉልበት» ብሎ አልፎታል። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 2016 የተበጠሱት ሁለት ጅማቶች በቀዶ ሕክምና ይጠገናሉ። ክለቦችን ያስፈራው ግን አብሮ የተጎዳው፣ የእግርን ፊት ወደ ላይ የሚያነሣው ነርቭ ነው። ከጉልበት በታች፣ በውጭ በኩል ባለችው ቀጭን አጥንት አንገት ላይ ስለሚጠመዘዝ፣ የውጭ ጅማት ሲበጠስ አብሮ ይለጠጣል፤ እግርም ከፊቱ ቀና አልል ይላል። ነርቭ ከተበጠሰ በኋላ ቢያድግ እንኳ በቀን 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ጡንቻው ጋ እስኪደርስ ወራት ይፈጃል። ስለዚህ ኤምአርአይ (የሰውነትን ውስጥ በመግነጢስ የሚያሳይ ምስል) ብቻውን አይበቃም፤ የነርቭና የጡንቻ ኤሌክትሪክ ምርመራ በየጥቂት ወሩ ተደግሞ ውጤቱ መነጻጸር አለበት። የዳላስ ክለብ በምልመላው በ34ኛ ምርጫ ሲወስደው፣ ቀደም ሲል ቀዶ ሕክምናውን የሠራለት የክለቡ ሐኪም ስለነበር የጉዳቱን ሁኔታ በቅርብ ያውቅ ነበር። ለሌሎቹ ክለቦች ግን ያው ምርጫ ቁማር ይሆንባቸው ነበር። 2016ን ሙሉ አልተሰለፈም፤ በ2017 የተመለሰውም ቁርጭምጭሚቱን የሚደግፍ መሣሪያ አስሮ ነው።