የሳይት ሠራተኛ የዓመት ፈቃድ ቤቱ ከደረሰበት ቀን ይቆጠርለት

ይድረስ ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጋዜጣችሁ የመንገድ ፕሮጀክቶች ስንት በመቶ እንደደረሱ፣ ለምን እንደተጓተቱና ስንት ብር እንደወጣባቸው በየጊዜው ይዘግባል። እኔ በደቡብ ኦሞ ዞን ከጂንካ ወዲያ በሚገኝ የመንገድ ሥራ ላይ በቀያሽነት ተቀጥሬ የምሠራ፣ ባለቤቴና የሁለት ዓመት ልጄ ግን አዳማ የሚኖሩ ሰው ስሆን፣ መንገዱን ስለሚሠሩት ሰዎች ትዳር ጥቂት እንድናገር ዕድሉን ትሰጡኝ ዘንድ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለአንድ ሠራተኛ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት የዓመት ፈቃድ ይሰጠዋል፤ ከዚያ በኋላ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመርለታል። ማታ ማታ ቤቱ ለሚገባ ሰው ይህ በቂ ሊሆን ይችላል። ለእኛ ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። ከካምፕ ተነሥቶ ጂንካ፣ ከዚያም በኮንሶ በኩል አርባ ምንጭ ገብቶ ማደር፣ በማግስቱ ገና ሳይነጋ መናኸሪያ ተሰልፎ ሶዶንና ሻሸመኔን አልፎ አዳማ መግባት ሁለት ቀን ይፈጃል፤ መመለሻውም እንደዚያው ነው። ከ16ቱ ቀናት አራቱ መንገድ ላይ አለቁ ማለት ነው። ሕጉ ሠራተኛው ከጠየቀና አሠሪው ከተስማማ ፈቃዱ ለሁለት ተከፍሎ እንዲሰጠው ይፈቅዳል፤ ነገር ግን ልጄን በዓመት ሁለት ጊዜ ልያት ብዬ ብከፍለው ግማሹን፣ ማለትም ስምንቱን ቀን፣ አውቶቡስ ይወስደዋል። ካምፕ ውስጥ ፈቃድ ሊወጣ የተቃረበ ሰው ሁሉ የጉዞው አንዱ ቀን እሑድ ላይ እንዲውልለት ካላንደር ሲያገላብጥ የሚታየው በዚሁ ምክንያት ነው።

አዋጁ ሚስቱ ለወለደችለት ሠራተኛ ሦስት ተከታታይ ቀናት ከሙሉ ደመወዝ ጋር መፍቀዱን አላናንቅም። ሆኖም ልጄ ስትወለድ በዚህ ፈቃድ ብቻ ሄጄ ቢሆን ኖሮ በሁለተኛው ቀን ማታ ደርሼ በሦስተኛው ማለዳ መመለስ፣ ያም ሆኖ አንድ ቀን መቅረት ነበረብኝ። ስለዚህ ከዓመት ፈቃዴ አስቀንሼ ሄድኩ፤ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሣ ግን የተረፈ ፈቃድ ስላልነበረኝ እንግዳውን የተቀበለልኝ ወንድሜ ነው።

ናፍቆቱ ምን እንደሚመስል ከቤቱ ርቆ የሠራ ሁሉ ያውቀዋልና አላበዛበትም። እምብዛም የማይወራው፣ ሰው በገዛ ቤቱ ባዕድ እየሆነ መሄዱ ነው። ባለቤቴ ልጃችንን ሲያማት የምትነግረኝ ትኩሳቱ ከበረደ በኋላ ነው። ቀድማ ብትነግረኝ ከዚህ ሆኜ ከመጨነቅ በቀር የማደርገው ነገር እንደሌለ ታውቃለች፤ ልክ ናት፤ የሚያመኝም ልክ መሆኗ ነው። ኪራይ በጨመረ ቁጥር ከአከራይ ጋር የምትከራከረው፣ ልጅ ታቅፋ ጤና ጣቢያ ወረፋ የምትይዘው እሷ ናት። በፈቃዴ ቤት ስገባ ምግብ ይቀርብልኛል እንጂ ሥራ አይሰጠኝም፤ የቱ ዕቃ የት እንደሚቀመጥ አላውቅማ። ልጄ የመጀመሪያዎቹን ቀናት የእናቷን ቀሚስ ይዛ ከኋላ ሆና ታየኛለች፤ ለምዳኝ ጭኔ ላይ መተኛት ስትጀምር ፈቃዴ ያልቃል።

ቤተሰብህን ለምን ወደዚያ አትወስድም የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። ቆላው ወባማ ነው፤ የካምፑን ክፍል የምንጋራው ለአራት ነው፤ ፕሮጀክቱ ሲያልቅም ቀጣዩ ምድብ ወዴት እንደሚሆን አይታወቅም።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ቤተሰብ ከኅብረተሰብና ከመንግሥት ጥበቃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። የምጠይቀው ግን ከዚህ በጣም ያነሰ ነገር ነው። አዋጁ ያስቀመጠው ዝቅተኛውን መጠን በመሆኑ አሠሪ በውል ወይም በኅብረት ስምምነት የተሻለ እንዳይሰጥ የሚከለክለው የለም። ስለሆነም ተቋራጮች ለሩቅ ሳይት ሠራተኞች የጉዞ ቀናትን ከዓመት ፈቃድ ላይ እንዳይቀንሱ፣ የአባትነት ፈቃድም ሠራተኛው ቤቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ እንዲቆጠር ቢያደርጉ ትልቅ ነገር ነው። በእኛ አካባቢ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ዝናቡ ሲበረታ ግሬደሩም ሮለሩም ይቆማል፤ ያን ጊዜ ካምፕ ተቀምጠን ዝናብ ከምንቆጥር ተራ በተራ ቤታችን ብንላክ ሥራው የሚጎዳበት ምክንያት አይታየኝም። ተቋራጮች በበኩላቸው ዋጋ ሲያቀርቡ ይህን ወጪ እንዳላሰቡት ይናገራሉ፤ እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። እንግዲያው የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደርን የመሰሉ አሠሪ መሥሪያ ቤቶች የሠራተኛውን የቤተሰብ ጉዞ በጨረታ ሰነዱ ውስጥ እንደ ካምፕ ግንባታውና እንደ ውኃ አቅርቦቱ አንድ የወጪ ርዕስ አድርገው ቢያስገቡት፣ ሁሉም ተጫራች እኩል ስለሚያስበው ተወዳዳሪነቱን የሚያጣ አይኖርም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የመንገድ ሥራ ቀያሽ፣ ከደቡብ ኦሞ ዞን