ለአባዬ፣ ስለ ተኳለችው

ይድረስ ለውድ አባዬ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ለንደን በርዷል። ትንሹ ሁለት የፊት ጥርሱ ወልቆ ሲያወራ ያፏጫል። ትልቋ ረዝማለች፤ የእማዬን ግንባር ይዛ ነው የመጣችው።

እሁድ እሁድ ሁለቱንም ይዤ ሃይድ ፓርክ እሄዳለሁ። እዚያ ማን እንዳለች ታውቃለህ? የተኳለችው! ያቺው የጣናዋ፣ እነሱ የግብፅ ዝይ የሚሏት። ድሮ ለባለጸጎች ግቢ ማስዋቢያ ብለው አመጧት፤ አምልጣ ተራባች። አሁን ሣሩ ላይ እንደ ባለቤት ትንጎራደዳለች። ዓይኗ ዙሪያ ያ ቡናማ ኩል፣ ደረቷ ላይ ያቺ ጠቆር ያለች ነጥብ፣ ሮዝ እግሯ፣ ስትነሳ ቦግ የሚለው የክንፏ ነጭ፣ ምንም አልቀረ። መጀመሪያ ያየኋት ቀን ቆሜ አለቀስኩ። ልጆቹ ደነገጡ።

ስለ ዓይንህ ወንድሜ ነገረኝ። ከእሱ መስማቴ ከፍቶኛል። በየሳምንቱ ስደውል "ዓይኔ ትንሽ ደከመ" ስትለኝ ከረምክ። ግላኮማ እኮ ድካም አይደለም፣ አባዬ።

ኅዳር ነው፤ ባለ አካፋ ምንቃር ዳክዬዎቹ ከብርዱ ሸሽተው ጣና ገብተዋል። ማለዳ ወደ ደንገሉ እንደምትወርድ አውቃለሁ። እባክህ ብቻህን አትሂድ። ይህ በሽታ ከጎን በኩል ነው የሚጀምረው። ጉማሬ ከጎንህ ቢወጣ አታየውም።

አንድ ነገር ልንገርህ። ይህን የምታነብልህ የወንድሜ ልጅ መሆኗን አውቃለሁ፣ ግን ትስማ። ቅዳሜ ቅዳሜ ወንድሜን በታንኳ ይዘኸው ትገባ ነበር። እኔን "ሴት ልጅ ታንኳ ላይ ምን ትሠራለች" ብለህ ዳር ታስቀምጠኛለህ። ጫማችሁን እጠብቃለሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ ጫማ ጠበቅኩ። ላባውን ከቅርብ የሚያየው እሱ ነበር። እኔ ካለሁበት ውሃው ሲያንጸባርቅ ሁሉም ጥቁር ነጠብጣብ ነው፤ ቀለም የሚባል የለም።

ስለዚህ ሌላ ሌላውን ተማርኩ። ባለ አካፋው ፊቱ ከብዶት ወደ ውሃው ያጎነበሰ ነው። ምንቃሩን ሳያነሳ ውሃውን እያጣራ ይሄዳል፤ ሲበዙ ክብ ሠርተው ይዞራሉ። አንገቱ ረጅም፣ ጭራው ሹል ከሆነ አንተ ባለ መርፌው የምትለው ነው። ጭራውን ሰቅሎ ጭንቅላቱን ብቻ የሚደፋ ዳክዬ አለ፤ ጨርሶ ጠልቆ ራቅ ብሎ ብቅ የሚልም አለ። ጠላቂው ለመብረር ውሃው ላይ መሮጥ አለበት። ያኛው ከተቀመጠበት ቱር ይላል። ስትመለሱ ወንድሜ ስም ሲሳሳት እኔ አውቀው ነበር። አልጠየቅከኝም።

ልወቅስህ ነው፣ አልዋሽህም። ግን ስሞቹን ያስተማርከኝ አንተ ነህ፤ ማታ እራት ላይ ስታወራለት እየሰማሁ ነው የያዝኳቸው። አሁን ደግሞ እኔ ከዳር ሆኜ የለመድኩት ለአንተ ያስፈልግሃል።

ሐኪሙ "የጠፋው አይመለስም" ማለቱን ሰምቻለሁ። ይህቺን ለመጻፍ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ጠብታው የቀረውን ለማቆየት ነው። ደህና ነኝ ብለህ የምታቆመው አይደለም፤ አንድም ማታ እንዳያልፍህ። ሲያልቅም ቀደም ብለህ ንገረኝ፣ ገንዘቡን እልካለሁ። ወንድሜም ይመርመር፣ በዘር ይሄዳል። እኔ ታይቻለሁ፤ ለጊዜው ደህና ነኝ።

የተኳለችው ወንዱና ሴቷ በላባ አይለዩም። በደህናው ዓይንህም ግራ ይገቡህ ነበር። በድምፅ ግን ይለያሉ። ወንዱ ጉሮሮው እንደታነቀ ሁሉ ሻካራ ትንፋሽ ነው የሚያወጣው። ሴቷ ጮክ ብላ ትንጫጫለች። ትንሹ ልጄ ዓይኑን ጨፍኖ ይለያቸዋል። እንዲያሳይህ ይዤው እመጣለሁ።

ለጥምቀት ትኬት ቆርጫለሁ። ታንኳው ላይ እኔ ፊት እቀመጣለሁ፣ አንተ ከኋላዬ። የማየውን እነግርሃለሁ፤ የምትሰማውን ትነግረኛለህ። ጫማችንን ወንድሜ ይጠብቅልን።

ልጅህ