ለአቤቱታችን የጽሑፍ መልስ ይሰጠን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

እኛ በጎጃም ከጨሞጋ ወንዝ ማዶ የምንኖር አርሶ አደሮች፣ ክረምት በገባ ቁጥር ወንዙ እየሞላ ልጆቻችን ከትምህርት ቤት፣ ነፍሰ ጡር እናቶችም ከጤና ጣቢያ ስለሚቀሩብን፣ የእግረኛ ድልድይ እንዲሠራልን ፊርማ አሰባስበን ለሚመለከተው ጽሕፈት ቤት አመልክተናል። መጻፍ የማይችሉ አዛውንት አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ፈርመዋል፤ ድንጋይና አሸዋ ለማቅረብም በዚያው ማመልከቻ ላይ ቃል ገብተናል። መዝገብ ቤቱ ቁጥር ቢሰጠንም እስካሁን የሰማነው «ጠብቁ» የሚል የቃል መልስ ብቻ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 30 አቤቱታ የማቅረብ መብትን ያረጋግጣል፤ በእኔ እምነት ግን ምላሽ የማያገኝ አቤቱታ መብቱን ጎዶሎ ያደርገዋል። ስለዚህ ጽሕፈት ቤቱ፣ ሥራው በጀት የማይያዝለት እንኳ ቢሆን፣ አዲሱ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ከመጀመሩ በፊት ውሳኔውን ከነምክንያቱ በጽሑፍ እንዲያሳውቀን በአክብሮት እንጠይቃለን።

አንድ የአካባቢው ነዋሪ፣ ከምሥራቅ ጎጃም